ሲቀነስለት የሚከብድ ድምፅ



ከአጠገቤ የቆመውን ጥቁር ሣጥን ሰረቅ እያደረጋችሁ «ይኼ ነገር መቼ ነው የሚጮኸው?» የምትሉ እንዳላችሁ ገብቶኛል። ይጮኻል። እኔ ግን ልቅደም፤ እሱ አንዴ ከጀመረ ለሰው ወሬ ቦታ አይተውም።

አሥራ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነኝ ከአጎቴ ልጅ በልመና የተገኘች አንዲት የዲስቶርሽን ፔዳል እጄ ገባች። ጊታር ነበረኝ፣ አምፕ ግን አልነበረኝም። በቤታችን ድምፅ የሚያወጣ ዕቃ ቢኖር የአባቴ ዴክ ብቻ ነው። አባቴ ሥራ እስኪሄድ ጠብቄ ጊታሩን ከፔዳሏ፣ ፔዳሏን ከዴኩ አገናኘሁና ያሉትን ቁልፎች በሙሉ እስከ ጥጋቸው አዞርኳቸው። በካሴት ስሰማው ተራራ ሲናድ የሚመስለኝ ያ ድምፅ አሁን ከዚህ ሊወጣ ነው ብዬ ክሩን መታሁት። እናቴ እጇን በቀሚሷ እየጠራረገች ከጓዳ ወጣች። ጣሪያውን አየች፣ መስኮቱን አየች፣ እኔን አየች። «ልጄ፣ ንብ ገባ እንዴ?» አለችኝ።

የዛሬው ንግግሬ ለዚያች ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው። የሄቪ ሜታል ጊታር ድምፅ ከየት መጣ? በአምፕና በፔዳል እንዴት ይገኛል? እኔ የእናቴን ንብ ያስነሣሁት ሁሉንም ነገር ስለ ጨመርኩ ነበር። ያንን ድምፅ የሠሩት ሰዎች ደግሞ አንድ በአንድ ሲታዩ አንዳች ነገር የቀነሱ ናቸው። ምን እንደ ቀነሱ፣ የቱ ጋ እንደ ቀነሱ እያየን እንሄዳለን። ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ ታሪኩ የእነሱ ስለሆነ።

መጀመሪያ ግን ዲስቶርሽን ምንድን ነው? ድምፅ ሞገድ ነው፣ ከፍና ዝቅ ይላል። የአምፕሊፋየር ሥራ ያንን ሞገድ ማጉላት ነው። ነገር ግን የማንኛውም አምፕ ጉልበት ጣሪያ አለው። ከጣሪያው በላይ ሲጠየቅ ሞገዱን አናቱ ላይ ይቆርጠዋል። አምባሰልን ወይም የሰሜንን አምባዎች ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፤ ሹል መሆን የነበረበት ተራራ አናቱ ተስተካክሎ ሜዳ ሆነ ማለት ነው። ሞገዱ አምባ ሲሆን ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ቀድሞ ያልነበሩ ድምፆች ይወለዳሉ፤ በሴኮንድ 110 ጊዜ የሚርገበገብ ንጹሕ ሞገድ 220፣ 330፣ 440 እያለ ልጆቹን አስከትሎ ይመጣል። ሁለተኛ፣ ኃይለኛውም ምትና ደካማውም ምት ከአንድ ጣሪያ ሥር ስለሚገቡ ልዩነታቸው ይጠብባል። ክሩ እየደከመ ሄዶም ድምፁ ያልደከመ ይመስላል። ጊታሩ የሚያለቅሰው፣ እንደ ማሲንቆ ረዝሞ የሚዘልቀው በዚህ ምክንያት ነው።

አቆራረጡ ግን እንደ ቆራጩ ይለያያል። የድሮ ራዲዮ ከጀርባው ስትመለከቱት እንደ ፍም የሚቀሉ የመስታወት አምፖሎች ነበሩት፤ ታላላቆቻችን ቫልቭ ይሏቸዋል። ብዙ የጊታር አምፕ እስከ ዛሬ በእነዚህ ይሠራል። ቫልቭ ሲጨነቅ ቀስ በቀስ ነው እጅ የሚሰጠው፤ አምባው ጠርዙ በዝናብ እንደ ተሸረሸረ ይሆናል። ርካሽ የትራንዚስተር ሰርኪት ግን እንደ ገደል ቁልቁል ይቆርጠዋል፤ ጆሮን የሚቧጥጠው ያ ሹል ጠርዝ ነው። የአባቴ ዴክ ትራንዚስተር ነበር። የጥያቄው ሩብ መልስ ይኸውላችሁ።

«ድምፅን አበላሽቶ ማሳመር» የሚለው ሐሳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በገናን አስቡት። አሥሩ ክሮች በሚያርፉበት እንጨት ላይ እንዲሁ አይቀመጡም፤ በመሐል እንዚራ የምትባል ትንሽ ቆዳ ትገባለች። ክሩ ቆዳዋን እየነካ ሲርገበገብ ያ ልብ የሚያንዘፈዝፍ እዝዝታ ይወጣል። እንዚራዋን ብታወጧት ድምፁ ንጹሕ ይሆናል፣ በገናነቱ ግን ይጠፋል። የጸሎትን መሣሪያ ከጭፈራ ጋር ማወዳደሬ አይደለም፤ የበገና ቦታ ሌላ ነው። የምለው፣ አንዳንድ ድምፅ ጥራቱ ሲነካ ነው ነፍስ የሚዘራው፤ ይህን ደግሞ አባቶቻችን አምፕ ሳይኖር ያውቁት ነበር።

እንግዲህ ወደ በርሚንግሃም እንሂድ። በእንግሊዝ መካከል ያለች የብረት ከተማ ናት፤ ማቅለጫ፣ መዶሻ፣ ጭስ። በ1948 እዚያው የተወለደ ቶኒ አዮሚ የሚባል ልጅ በ17 ዓመቱ በአንድ የቆርቆሮ ፋብሪካ ብየዳ ይሠራ ነበር። ከባንድ ጋር ወደ አውሮፓ ሊሄድ ሥራውን ለቋል፤ የመጨረሻ ቀኑ ነው። ምሳ ሊበላ ቤቱ እንደ ሄደ አልመለስም ቢል እናቱ የጀመረውን ቀን ጨርሶ እንዲወጣ መክራ መለሰችው። ከሰዓት በኋላ አንድ የቀረ ሠራተኛ ተክቶ ብረት የሚጫን ማሽን ላይ ቆመ። ማሽኑ የቀኝ እጁን የመሐል ጣትና የቀለበት ጣት ጫፎች ይዟቸው ቀረ። አዮሚ ግራኝ ነው። ለቀኝ እጅ ተጫዋች ቀኝ እጅ መምቻ ነው፤ ለእሱ ግን ክሩን የሚይዝበት እጁ ነበር።

ሐኪሞቹ ጊታርን እርሳው አሉት። የፋብሪካው ኃላፊ ግን ሊጠይቀው መጥቶ አንድ ሸክላ አሰማው። ተጫዋቹ ጃንጎ ራይንሃርት ነበር፤ በ1928 የሚኖርበት ሠረገላ ተቃጥሎ ሁለት የግራ እጅ ጣቶቹ ከጥቅም ውጪ የሆኑበት፣ በቀሩት ሁለት ጣቶች አውሮፓን ያስደነቀ ሰው። አዮሚ ይህን ሰምቶ ተነሣ። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ የሚሸጥበትን የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፤ ቆቡ ክሩ ላይ እንዳያንሸራትተው ከአሮጌ ጃኬት ቆዳ ቆርጦ አለበሰው። እኔ ይህን ታሪክ በሰማሁ ቁጥር የመርካቶ ምናለሽ ተራ ነው ትዝ የሚለኝ።

ቀጥሎ የመጣው ለጉዳያችን ዋናው ነው። በእነዚያ ቆቦች ወፍራም ክር መጫን ያማል። ስለዚህ ክሩን አሳነሰ፤ በጊዜው ቀጭን የጊታር ክር እንግሊዝ ውስጥ ስላልነበረ የባንጆ ክር ገዝቶ አሰረ። ቀጭኑም አልበቃው ሲል መቃኛውን አላላ። ቆይቶ በተጫወተበት ባንድ፣ በ1971 በወጣው ሦስተኛ አልበም ላይ ጊታሩ ከተለመደው ቅኝት አንድ ቶን ተኩል ወርዶ ይሰማል። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚከተለው «ጊታሩን አውርደህ ቃኘው» የሚለው ሕግ ምንጩ የሚያም ጣት ነው።

አሁን መሣሪያዎቹን እንይ። ባንዱ ብላክ ሳባዝ ነው፤ የመጀመሪያ አልበማቸውን በ1969 በአንድ ቀን ቀድተው አርብ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1970 አወጡት። አዮሚ ወደ ቀረጻው የገባው ስትራቶካስተር ይዞ ነበር፤ ፒክአፑ ሥራ ቢያቆምበት ተጠባባቂ አድርጎ ያመጣውን ጊብሰን ኤስጂ አነሣ፤ ከዚያ ወዲያ አልተለያዩም። አምፑ ሌይኒ ነው፤ ሊንደን ሌይኒ የሚባል የዚያው ከተማ ልጅ በ1967 በአባቱ ጋራዥ ውስጥ መሥራት የጀመረው። በጊታሩና በአምፑ መካከል ደግሞ ዳላስ ሬንጅማስተር የምትባል ትንሽ ግራጫ ሣጥን ነበረች። አንዲት ትራንዚስተር፣ አንድ ቁልፍ፣ አለቀ። ሥራዋ ትሬብሉን፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ፣ ማጉላት ነው፤ ቤዙን ግን ትቀንሳለች።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። በዓለም ከባድ የተባለውን የጊታር ድምፅ የፈጠረው ሰው ቤዝ የምትቀንስ ሣጥን ከአምፑ ፊት አስቀመጠ። ሰውየው አብዷል?

አላበደም። ዝቅተኛው ድምፅ፣ ቤዙ፣ ሞገዱ ትልቅ ነው። ቀጭኑ ድምፅ ደግሞ በትልቁ ጀርባ ላይ ይሳፈራል፤ በጣና ማዕበል ላይ እንዳለች ታንኳ። ትልቁ ማዕበል ጣሪያውን ሲመታ ታንኳዪቱም አብራ ትደቃለች። ቤዙ እንደ ልቡ ወደ ዲስቶርሽን ከገባ የጣት ምቱ፣ የክሩ ጫፍ፣ ሪፍ የሚባለውን ተደጋጋሚ የጊታር ሐረግ ሪፍ የሚያደርገው ሁሉ ይደቃል፤ የሚወጣው ጭቃ ነው። ቤዙ አስቀድሞ ከተቀነሰ ግን እያንዳንዱ ምት ጠርዝ ይኖረዋል። ክብደቱን ከተቆረጠ በኋላ በአምፑ፣ በስፒከሩ፣ ከአጠገብ በቆመው የቤዝ ጊታር መልሰው ይጭኑታል። ከፊት ቀንስ፣ ከኋላ ጨምር። ዛሬ ከዚህ አዳራሽ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህችን ያዙ፤ የሚቀጥለው ሁሉ የእሷ ዝርዝር ነው።

በነገራችን ላይ የዚያ የመጀመሪያ አልበም መክፈቻ ሪፍ የቆመው ፈረንጆች በድሮ ጊዜ ከሰይጣን ጋር ያያይዙት በነበረ የድምፅ ርቀት ላይ ነው፤ ሦስት ሙሉ ቶን። ያንኑ ርቀት እኛ አንቺሆዬ ቅኝት ውስጥ አስቀምጠን ስንዘፍንበት ኖረናል፤ ማንም አልደነገጠም።

ቀጣዩ ቅነሳ ኮርዱ ውስጥ ነው። ሙሉ ኮርድ ሦስት ድምፅ አለው፦ መሠረቱ፣ ሦስተኛውና አምስተኛው። የሜታል ተጫዋች ሦስተኛውን አውጥቶ ይጥለዋል። ምክንያቱ የሒሳብ ጉዳይ ነው። ዲስቶርሽን ሁለት ድምፅ አብረው ሲገቡበት ድምራቸውንና ልዩነታቸውንም ይፈጥራል። መሠረቱ 110፣ አምስተኛው ወደ 165 ገደማ ነው እንበል። ልዩነታቸው 55 ነው፤ የ110 ግማሽ፣ ማለትም ያው ድምፅ አንድ ኦክታቭ ወርዶ። ማንም ያልመታው ወፍራም ድምፅ ከሥር ብቅ አለ! ድምራቸው 275 ደግሞ የ55 አምስት እጥፍ ነው፤ ሁሉም ዘመድ ነው። አሁን ሦስተኛውን አስገቡ፦ 138.6። ከ110 ጋር ልዩነቱ 28.6 ይሆናል፤ ከማንም ጋር የማይዛመድ ባይተዋር። እንዲህ ያሉ ባይተዋሮች ሲበዙ ነው ጊታሩ የሚንኮሻኮሸው። ሁለት ድምፅ ከሦስት ይልቅ የሚገዝፈው ለዚህ ነው፤ ጀማሪዎች «ቀላል ኮርድ» እያላችሁ የምትንቁትን አምስተኛ እባካችሁ አትናቁት።

ወደ ለንደን ልውሰዳችሁ። ጂም ማርሻል ከበሮ መቺና የከበሮ አስተማሪ ነበር። በ1960 ሀንዌል በሚባል ሰፈር የሙዚቃ ዕቃ ሱቅ ከፈተ። ጊታሪስት ደንበኞቹ የአሜሪካው ፌንደር አምፕ ውድ ነው፣ ደግሞም የምንፈልገውን አይሰጠንም ብለው አማረሩ። በ1962 እሱና ባልደረቦቹ ፌንደር ቤዝማን የሚባለውን አምፕ ከፍተው ሰርኪቱን ተከትለው በእንግሊዝ በሚገኝ ዕቃ ሠሩት። ቅጂ ነው፤ ነገር ግን ቫልቩ ተለየ፣ ትራንስፎርመሩ ተለየ፣ ከኋላው ክፍት በሆነ ሣጥን ፋንታ አራት ባለ 12 ኢንች የሰለስቲየን ስፒከሮች በድፍን ሣጥን ውስጥ ገቡ። የወጣው ድምፅ የፌንደር ልጅ ቢሆንም መልኩ አባቱን አልወሰደም።

የዘ ሁ ጊታሪስት ፒት ታውንሸንድ አምፑ አልበቃኝም ብሎ 100 ዋት አሠራ። ስምንት ስፒከር በአንድ ሣጥን ይሁንልኝ አለ፤ ተሸካሚዎቹ ወገባቸው ሊቆረጥ ሲል ሣጥኑ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ባንዱ ላይ ቆመ። መድረክ ላይ እንደ ግንብ የምታዩት ያ የማርሻል ቁልል የተሸካሚዎች ምሬት ውጤት ነው። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላርም፦ 100 ዋት ከ50 ዋት በእጥፍ አይጮኽም፤ ልዩነቱ 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ለጆሮ በእጥፍ እንዲሰማ ኃይሉ አሥር እጥፍ ገደማ መሆን አለበት። «ባለ 100 ዋት ካልሆነ አልገዛም» የሚል ወዳጅ ካላችሁ ይህን ንገሩት፤ ጎረቤቶቹም ያመሰግኗችኋል።

የድሮዎቹ ማርሻሎች አንድ ችግር ነበረባቸው። ዲስቶርሽን የሚሰጡት ቮልዩሙ ጥግ ሲደርስ ነው፤ ያኔ ደግሞ ሰፈር ይፈርሳል። ጊታሪስቱ ኤዲ ቫን ሄለን ወደ አምፑ የሚገባውን መብራት ቫሪያክ በሚባል መሣሪያ ወደ 90 ቮልት ገደማ እያወረደ አምፑን ያለ ብዙ ጩኸት ያስጨንቀው ነበር። እኛ ሰፈር ቫሪያክ መግዛት አያስፈልግም፤ ማታ ምጣድ ሲጣድ መብራቱ ራሱ ይወርዳል። ማርሻል በ1970ዎቹ አጋማሽ ማስተር ቮልዩም ጨመረ፤ አንዱ ቁልፍ ከፊት ያስጨንቃል፣ ሌላው ከኋላ ጩኸቱን ይገዛል። ይህ ሰርኪት በ1981 ጄሲኤም800 የሚል ስም ለብሶ ወጣ፤ ፊደሎቹ የጂም ማርሻል ስም መነሻዎች ናቸው። ከሰማንያዎቹ ሜታል ብዙው የተቀዳው በዚህ ሣጥን ነው።

ብቻውን ግን አይደለም። ከፊቱ አንዲት አረንጓዴ ፔዳል ትቀመጣለች፤ የአይባኔዝ ቲዩብ ስክሪመር። በሰባዎቹ መጨረሻ ጃፓን ውስጥ ስትሠራ ለስለስ ያለ ሙቀት እንድትሰጥ ነበር። የሜታል ልጆች ግን ሌላ ጸባይ አገኙባት፦ ከ720 ኸርዝ ገደማ በታች ያለውን ድምፅ ብዙም አታጎላውም። አወቃችኋት? የአዮሚ ሬንጅማስተር በሌላ ቀሚስ ተመልሳ መጣች። አጠቃቀሟ ጀማሪን ግራ ያጋባል። ድራይቭ የሚለው ቁልፍ ዜሮ አጠገብ፣ ሌቭል የሚለው ጥግ። ፔዳሏ ራሷ ብዙም አትቆርጥም፤ ቤዙን አጥርታ የቀረውን በኃይል ወደ ቫልቩ ትገፋዋለች፤ መቁረጡ የአምፑ ሥራ ነው። ሪፉ ወዲያው ይጠብቃል። የቀኝ እጃችሁን መዳፍ ክሩ ላይ አሳርፋችሁ ስትመቱ «ድም ድም» የሚለው ምት እንደ ነጋሪት ይቆማል። ፔዳሏን አጥፉና ያንኑ ምቱት፤ ትራስ የመታችሁ ይመስላችኋል።

የዚህ ጥበብ ጣሪያ ለእኔ ኮፐንሃገን ነው። የሜታሊካ ባንድ ልጆች በ1984 መጀመሪያ ላይ ቦስተን ከተማ ውስጥ ዕቃቸው ተሰረቀ፤ ከተሰረቀው መካከል ጊታሪስቱ ጄምስ ሄትፊልድ እንደ ዓይኑ የሚያየው ማርሻል ነበረበት። ዕቃ የተሰረቀበት ሙዚቀኛ ያውቀዋል፤ ገንዘቡ ይተካል፣ ያ አንዱ አምፕ ግን አይተካም። ለሦስተኛው አልበማቸው ስዊት ሳይለንስ ወደሚባለው የኮፐንሃገን ስቱዲዮ ሲገቡ የካሊፎርኒያውን ሜሳ ቡጊ ማርክ 2ሲ ፕላስ ይዘው ነበር። አልበሙ በ1986 ወጣ። ያንን የጊታር ድምፅ እስከ ዛሬ ሰው በብር ሊገዛው ይሯሯጣል።

የሜሳ ሰርኪት ልዩ ነገር አለው። ቤዝ፣ ሚድና ትሬብል የሚሉት ቁልፎች ከዲስቶርሽኑ በፊት ነው የሚመጡት። በዲስቶርሽኑ ማዶ ደግሞ አምስት ተንሸራታች ቁልፎች ያሉት ግራፊክ ኢኳላይዘር አለ፦ 80፣ 240፣ 750፣ 2,200 እና 6,600 ኸርዝ። የሚያውቁት ሰዎች የፊተኛውን ቤዝ ዜሮ ወይም አንድ ላይ ያደርጉታል። አዎ፣ ዜሮ! ከዚያ ከዲስቶርሽኑ ማዶ 80ን ከፍ፣ 750ን ዝቅ፣ 6,600ን ከፍ ያደርጋሉ፤ ቁልፎቹ ተንጠልጥሎ የላላ ገመድ ቅርጽ ይሠራሉ። ቤዙ ሳይቆረጥ፣ ሳይደቅ፣ ንጹሕ ሆኖ ከኋላ ገባ። አዮሚ በአንዲት ትራንዚስተር በጆሮው የደረሰበትን ነገር የሜሳ ሰዎች በፋብሪካ ሰርኪት ውስጥ አስገቡት ማለት ነው።

ይህን ቅርጽ ያየ የሠፈር ጊታሪስት ሁሉ ሮጦ ሚዱን ዜሮ ያደርገዋል። ተሳስቷል። ሄትፊልድ ያንኑ ሪፍ ደጋግሞ እየተጫወተ በላይ በላዩ ቀድቶታል፤ ጥንካሬው ከዚያ ነው። አንድ ጊታር ይዛችሁ ከከበሮና ከቤዝ ጋር መድረክ ላይ ስትወጡ ሚድ የሌለው ጊታር ድራሹ ይጠፋል፤ ቤት ውስጥ ብቻችሁን ስትሆኑ ግን እንደ ንጉሥ ይሰማል። ስንት ጎበዝ ልጅ በዚህ ተሸውዶ «የድምፅ ባለሙያው አልወደደኝም» ሲል ሰምቻለሁ። ባለሙያው ምን ያድርግ፣ የሚያነሣው ነገር የለማ።

አሁን አንዳችሁ እጅ ልታወጡ ነው። «ምንም ያልቀነሱት ስዊድኖቹስ?» እሺ፣ ስዊድኖቹ። በ1983 ቦስ የሚባለው ፋብሪካ ኤችኤም-2 የምትባል ጥቁር ፔዳል አወጣ፤ ስሟ ራሱ ሄቪ ሜታል ነው። ብዙ ሰው አልወደዳትም፤ በ1991 ምርቷ ቆመ። ስቶክሆልም ውስጥ ግን ገንዘብ የሌላቸው ልጆች እሷን አግኝተው ቁልፎቿን በሙሉ እስከ ጥጋቸው አዞሯቸው። ልክ እኔ እንዳደረግሁት! የወጣው ድምፅ የግንድ መቁረጫ ሞተር ይመስላል። ኤንቱምድ የሚባለው ባንድ በ1990 ያወጣውን የመጀመሪያ አልበሙን ሰንላይት በሚባል ስቱዲዮ፣ በቶማስ ስኮግስበርግ እጅ በዚህ ድምፅ ቀዳ፤ አንድ ሙሉ የሜታል ዘር ከዚያ ተወለደ። የተናቀችውን ፔዳል ፋብሪካው ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ እንደገና ለማምረት ተገደደ።

ታዲያ ንድፈ ሐሳቤ ወደቀ? ትንሽ ተንገዳግዷል፣ አልክድም። ነገር ግን ፔዳሏን ገልብጣችሁ ሰርኪቷን ብታዩ የቤዙና የከፍተኛው ድምፅ ቁልፎች ያሉት ከመቁረጫው በኋላ ነው። ልጆቹ ጥግ ያደረሱት የኋላውን ጭማሪ ነበር። ደግሞ እነሱ ፔዳሏን ዴክ ላይ አልሰኩም፤ አምፕ ላይ ሰኩ።

በዚህ ወደ ስፒከሩ ደረስን። የጊታር ስፒከር በሙዚቃ ማዳመጫ ሚዛን ቢለካ መጥፎ ስፒከር ነው። ባለ 12 ኢንቹ ከ5,000 ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ ከሞላ ጎደል አያወጣውም። ዲስቶርሽን የሚወልዳቸው ልጆች ግን ከዚያ በላይ ወጥተው፣ ተንጫጭተው ይሞላሉ። የጊታር ስፒከር በሩን ይዘጋባቸዋል። የቤት ዴክ፣ የአዳራሽ ሞንታርቦ፣ የኮምፒውተር ስፒከር በሩን ወለል አድርጎ ይከፍትላቸዋል። እናቴ የሰማችው ንብ እሱ ነው፤ ሊዘጋበት የሚገባ በር ተከፍቶለት የወጣ መንጋ። አምፕ የሌላችሁ ልጆች በስልክም በኮምፒውተርም የምትጫወቱ ከሆነ ካቢኔት ሲሙሌሽን የሚባለውን ነገር አብሩት፤ ያንን በር የሚዘጋላችሁ እሱ ነው። እሱም ከሌለ ኢኳላይዘር ላይ ከ5,000 በላይ ያለውን ቁልቁል አውርዱት።

ስለ መብራት ሁለት ቃል ልጨምር፣ ምክንያቱም አንድ ጊዜ ተቃጥዬበታለሁ። ከአሜሪካ ዘመድ የሚያመጣው አምፕ ብዙውን ጊዜ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ የእኛ ግድግዳ 220 ነው። ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ሳታነቡ አትሰኩ። እኔ በደስታ ብዛት ሳላነብ ሰክቼ፣ ያየሁት ብልጭታ፣ የሸተተኝ ሽታ፣ ከዚያም ዘመዴ ስልክ ደውሎ «ድምፁ እንዴት ነው?» ሲለኝ የመለስኩት ውሸት አይረሳኝም። የቫልቭ አምፕ ደግሞ ከግድግዳው ተነቅሎም በውስጡ ሰው የሚገድል ቮልት ሊያድር ይችላል፤ የማያውቅ ሰው አይክፈተው። መሬት በሌለው ሶኬት ላይ ሰክታችሁ ከንፈራችሁ ማይኩን ሲነካ የሚነዝራችሁ ከሆነ ያ የሜታል ስሜት አይደለም፤ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ።

ጌይን የሚባለውን የማስጨነቂያ ቁልፍ በተመለከተ፣ ቤታችሁ ስትለማመዱ ደስ የሚላችሁን ያህል አዙሩት፣ ከዚያ ሩቡን መልሱት። ጌይን ስህተትን ይሸፍናል፤ ስህተት የተሸፈነበት እጅ ደግሞ አይታረምም። የድሮዎቹን አልበሞች በጥሞና ስሙ፤ እንደምታስታውሱት ያህል አልተቆራረጡም። አብዛኛው ጭካኔ ያለው ቀኝ እጅ ላይ ነው፤ ወደ ታች ብቻ፣ እኩል፣ ሳይሰለች የሚመታ እጅ።

ወሬዬን ጨርሻለሁ፤ አሁን የሣጥኑ ተራ ነው። ይህቺ በእጄ ያለችው ያቺው የአጎቴ ልጅ ፔዳል ናት፤ ቀለሟ ለቋል፣ አንዱ ቁልፏ በጠርሙስ ክዳን ተተክቷል። የዲስቶርሽን ቁልፏን ዜሮ አጠገብ አደርገዋለሁ፤ ሌቭሏን ጥግ። አምፑ ላይ ቤዙን ሦስት፣ ሚዱን ስድስት፣ ትሬብሉን ስድስት፣ ጌይኑን አምስት። ጊታሩ አንድ ቶን ተኩል ወርዶ ተቃኝቷል።

እማዬ፣ አንቺ ፊት ረድፍ ላይ ያለሽው። አሁን ልመታው ነው። ንብ ከሆነ እጅሽን አንሺ።